ጀልባዋ ክረምቱን ከማን ጋር ትከርማለች?

ያገለገለች ባለ ካቢን ጀልባ ለመግዛት የሚያስብ የቆላ ቤተሰብ ከዋጋው በፊት ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎች

በመተማና በገንዳ ውሃ ሞተር እንግዳ ነገር አይደለም። የሰሊጡና የጥጡ ማሳ በትራክተር ይታረሳል፤ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ይነሣል፤ ውሃ በፓምፕ ይሳባል። ብዙ አባወራ ስለ ካንዴላና ስለ ፊልትሮ ሲያወራ ጋራዥ የዋለ ይመስላል። ቆላው ያልለመደው ጀልባን ነው። ጓንግም ሆነ ሽንፋ በክረምት እየደፈረሱ ይሞላሉ፣ በበጋ ይቀጥናሉ፤ ለጀልባ የሚሆን ውሃ አይደሉም።

የምዕራብ ጎንደር ቤተሰብ ሐይቅ ሲያምረው የሚሄደው ወደ ጣና ነው። መንገዱ ሰላም ሲሆን በአይከል በኩል ወደ አዘዞ ይወጣል፤ ከዚያ በቆላ ድባ አድርጎ ሲወርድ ጎርጎራ ይደርሳል። ጎርጎራ በጣሊያን ወረራ ዘመን ወደብ የተሠራባት ከተማ ናት። በ2016 ዓ.ም. የጎርጎራ ኢኮ ሪዞርት ተመረቀ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ “ጣናነሽ ቁጥር 2” የተባለችው ጀልባ ከጅቡቲ ወደብ በየብስ ተጉዛ ጣና ደረሰች። ይህን ያየ ቤተሰብ “እኛስ ትንሽ ጀልባ ቢኖረን?” ማለቱ አይገርምም።

እዚህ የምናወራው ስለ ትልቅ መርከብ አይደለም። ስድስት ወይም ሰባት ሜትር የምትረዝም፣ ከፊቷ ሁለት ሦስት ሰው የሚያስተኛ ጠባብ ካቢን ያላት፣ አንድ ሞተር የተገጠመላት፣ ሌላ ሰው ዓመታት የነዳት ጀልባ ናት። ስትገዛ ርካሽ ልትመስል ትችላለች። ነገር ግን የጀልባ ወጪና አደጋ ያለው በሥራ ቀኗ ላይ ብቻ አይደለም፤ የሚበዛው ቆማ በምትውልበት ጊዜ ነው። ለቆላ ቤተሰብ ደግሞ ይህ የተለየ ትርጉም አለው።

የማሳው ወቅትና የሐይቁ ወቅት

በመተማ ቆላ ሰሊጥ የሚዘራው በሰኔና በሐምሌ ነው። ነሐሴ በአረም ያልፋል። ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ አጨዳው፣ ሂላው፣ ማራገፉ ይከተላል። እፎይታውም ገንዘቡም የሚመጡት ከኅዳር በኋላ ነው። ደግነቱ ጣናም የሚያምረው ያኔ ነው፤ ዝናቡ ቆሟል፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ ጥዋት ጥዋት ውሃው መስተዋት ይመስላል። ከጥምቀት እስከ ፋሲካ ባሉት ቅዳሜና እሑዶች የቤተሰቡም የሐይቁም ጊዜ ይገጥማል።

ችግሩ የሚጀምረው ሰኔ ሲብት ነው። ባለቤቱ ወደ ማሳው ይወርዳል፤ በዚያው ወር ዝናቡ ጀልባዋ ላይ ይወርዳል። ሰውየው ፋታ ባጣበት ሰዓት ጀልባዋ ጠባቂ ትሻለች።

ዝናብ ምን ያደርጋል ቢሉ ሒሳቡ ቀላል ነው። የጀልባዋ ክፍት ወለል 10 ካሬ ሜትር ቢሆንና 100 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብ፣ በላይዋ የሚወርደው ውሃ 1,000 ሊትር ነው፤ ይህም አንድ ቶን ይመዝናል። በጣና ዙሪያ እንዲህ ያለው ዝናብ ለመውረድ ሳምንት እንኳ የማይፈጅበት የክረምት ጊዜ አለ። ጤነኛ ጀልባ ላይ ይህ ውሃ በማፍሰሻ ቀዳዳዎቹ ወደ ሐይቁ ይመለሳል። ቀዳዳውን አንድ ቅጠል ወይም የወፍ ጎጆ ከደፈነው ግን ውሃው ከወለሉ በታች ይጠራቀማል። እዚያ ያለችው ትንሽ ፓምፕ ራሷ ተነሥታ ትገፋለች፤ ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ። ባትሪው ሲያልቅ ፓምፗ ትቆማለች፤ ጀልባዋ ትከብዳለች፤ የኋላ ጠርዟ ከውሃው ልክ ሲደርስ ሐይቁ ራሱ ይገባል። በዓለም ላይ ከሚሰምጡት የመዝናኛ ጀልባዎች ብዙዎቹ የሚሰምጡት በማዕበል መካከል ሳይሆን እንዲህ ታስረው በቆሙበት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ “ስንት ነው?” አይደለም። “ከሰኔ እስከ መስከረም የት ትውላለች? ማንስ ያያታል?” ነው። የተሻለው መልስ ከውሃ አውጥቶ በተሳቢ ላይ፣ አፍንጫዋን ቀና አድርጎ፣ የኋላ መፍሰሻ ቡሿን ነቅሎ፣ በሸራ ሸፍኖ ማቆም ነው። ሸራው ጎን ለጎን አየር የሚያስገባ ይሁን፤ ታፍኖ የከረመ ካቢን ሲከፈት ፍራሹ ሻግቶ ይገኛል። ተሳቢ ከሌለ ደግሞ በየሳምንቱ ሄዶ ውሃውን የሚያይ፣ ገመዱን የሚያስተካክል፣ ባትሪውን የሚለካ የአካባቢው ሰው በደመወዝ መያዝ ግዴታ ነው።

የጣና ታንኳ ሠሪዎች ይህን ከጥንት ያውቁታል። ከደንገል የሚታሠረው ታንኳ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ባለቤቱ ሥራውን ሲጨርስ ጎትቶ ያወጣዋል፣ ፀሐይ ላይ አቁሞ ያደርቀዋል። ፋይበር ግላስም ቢሆን ዕረፍቱ ያው ነው። ለወራት ሳይወጣ ውሃ ውስጥ የከረመ ፋይበር ግላስ ውሃ ቀስ በቀስ እየሰረገበት ቆዳው ላይ ውሃ የቋጠሩ እብጠቶች ያወጣል፤ ይህ በጨው አልባ ውሃ ላይም ይደርሳል።

ሲገዙ ምን ይመልከቱ?

የትራክተር ባለቤት አንድ ነገር አስቀድሞ ያውቃል፤ የጀልባ ሞተር ዕድሜም እንደ ትራክተር በሰዓት እንጂ በኪሎ ሜትር አይቆጠርም። ሰዓት ቆጣሪዋን ይመልከቱ። ትንሽ ሰዓት ብቻ መሥራቷን ግን እንደ ምስክር ወረቀት አይቁጠሩት። አምስት ዓመት ሳትነሣ የቆመች ሞተር በየሳምንቱ ከሠራችው ይልቅ ልታስቸግር ትችላለች፤ ጎማው ይደርቃል፣ ቤንዚኑ ካርቡራተሩ ውስጥ ሙጫ ይሆናል፣ ብረቱ ይያያዛል።

ሞተሩን ቀዝቃዛ ሆኖ ያግኙት። ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀዎ ሌላ ቀን ይመለሱ። ከኋላ የሚንጠለጠል ሞተር ከሆነ ሲነሣ በጎኑ ቀጭን ውሃ ሳያቋርጥ መትፋት አለበት፤ ካልተፋ ማቀዝቀዣው አይሠራም። ቀጥሎ የታችኛውን የማርሽ ዘይት ጥቂት ያስወጡና ይዩት። ወተት የመሰለ ከሆነ በፓራዮሊው በኩል ውሃ ገብቷል ማለት ነው። ካንዴላዎቹን አስፈትተው ቀለማቸውን ያነጻጽሩ፤ አንዱ ከሌሎቹ የተለየ ከሆነ የዚያ ሲሊንደር ጉዳይ ይጠየቅ።

የጀልባዋን አካል ደግሞ በጠመንጃ መፍቻ እጀታ ቀስ እያሉ ያንኳኩ። ጤነኛው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ውስጡ የላላ ወይም የበሰበሰ ከሆነ ድምፁ ይታፈናል። በተለይ ሞተሩ የተሰቀለበትን የኋላ ግድግዳ አይለፉት። ሞተሩን ወደ ላይና ወደ ታች ሲያወዛውዙት ግድግዳው አብሮ የሚተነፍስ ከሆነ ውስጡ ያለው እንጨት ሄዷል፤ ጥገናውም ከባድ ነው።

በመጨረሻ ወረቀቷን ይጠይቁ። የጉምሩክ ሰነድ የሌላት ጀልባ ነገ ለመሸጥም ለመመዝገብም ታስቸግራለች። በአገራችን የውሃ ትራንስፖርትን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን ስለሆነ ምዝገባውና የመንጃ ፈቃዱ ምን እንደሚጠይቅ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ከዚያ ይረዱ።

ከፍታው የሚበላው ጉልበት

የመተማ ቆላ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,000 ሜትር በታች ነው። ጣና ግን ወደ 1,800 ሜትር ይጠጋል። አየሩ ሲሳሳ ሞተር የሚስበው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ገደማ ያጣል። ፋብሪካው “100 የፈረስ ጉልበት” ብሎ የጻፈበት ሞተር በባሕር ዳርቻ አገር ያንን ይሰጣል፤ ጎርጎራ ላይ ግን 80 አካባቢ ነው የሚያገኙት።

ይህ ቁጥር የሚያሳስበው ለፍጥነት አይደለም። ስድስት ሰው፣ ምሳ፣ ውሃና ሙሉ ነዳጅ የጫነች ጀልባ ንፋስ ሲነሣባት ወደ ዳር የምትመለሰው በዚሁ በቀረው ጉልበት ነው። መፍትሔው ሞተር መቀየር ላይሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ፕሮፔለሩን አነስ ባለ እርምጃ በተሠራ መተካት ይበቃል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ነዳጅ ሙሉ በሙሉ ተሰጥቷት ሞተሯ ፋብሪካው የጻፈላትን ዙር ካልደረሰች ፕሮፔለሩ ከብዷታል።

ጨው የለም፣ ደለልና እምቦጭ ግን አለ

ጣና ጨው የሌለው ውሃ መሆኑ ለሞተር በረከት ነው። የባሕር ጀልባን የሚበላው ዝገት እዚህ ይቀንሳል። በምትኩ ሁለት ጠላቶች አሉ።

አንደኛው ደለል ነው። ጣና ሰፊ ቢሆንም ጥልቀት የለውም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታው 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፣ የሰሜኑ ዳርቻ ደግሞ የባሰ ጥልቀት የለውም። የውሃው ልክ ከመስከረምና ጥቅምት በኋላ እየወረደ ሄዶ በግንቦትና በሰኔ መጀመሪያ ዝቅ ይላል። በኅዳር ያለ ችግር ያለፉበት ቦታ በግንቦት ጭቃ ሊሆን ይችላል። ጭቃ የሳበ ሞተር ማቀዝቀዣው ይታፈናል። በውሃ ፓምፑ ውስጥ የምትሽከረከረው ኢምፔለር የምትባል የጎማ ቅጠል በየዓመቱ ትታይ፣ በሁለት ዓመት ትቀየር። ዋጋዋ ትንሽ ነው፤ እሷ ስታልቅ የሚቃጠለው ግን ሙሉ ሞተር ነው። ሞተሩን ደረቅ መሬት ላይ “ይሠራ እንደሆነ ልሞክረው” ብሎ ያለ ውሃ ማስነሣት ኢምፔለሯን ወዲያው ይገድላታል።

ሁለተኛው እምቦጭ ነው። በጣና ላይ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የታወቀው ይህ አረም የበረታው በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ፣ በደንቢያም በኩል ነው። ፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል፣ የውሃ መሳቢያውን ይደፍናል። ሲያጋጥም ሞተሩን አጥፍቶ፣ ከፍ አድርጎ፣ በእጅ ማጽዳት ነው፤ በጉልበት ለመበጠስ ነዳጅ መስጠት የዘንጉን ፓራዮሊ ያበላሻል። ከዘንጉ የወጣውን ቁራጭ ወደ ውሃው አይመልሱት። ጀልባዋን ወደ ሌላ ውሃ የሚወስዱ ከሆነ ታጥባ፣ ደርቃ ትሂድ፤ አረሙ ከአንድ ቁራጭ ይራባል።

ከዚህ ውጪ ያለው ጥገና የታወቀው ነው። የሞተር ዘይትና ፊልትሮው በየ100 ሰዓቱ ወይም በዓመት አንዴ ይቀየራሉ። በጀሪካን የመጣ ነዳጅ ውሃና ቆሻሻ ስለማያጣ ውሃ የሚለይ ፊልትሮ ይገጠም። ቤንዚን ከሦስት ወር በላይ ጋኑ ውስጥ አይክረም። ናፍጣ ከሆነ ግን ጋኑ ሲቆም ሞልቶ ቢቆም ይሻላል፤ ባዶ ቦታው ላይ ጤዛ እየተቋጠረ ውሃ ይሆናል።

ባትሪውን ወደ ቤት?

ብዙ ሰው ክረምት ሲገባ ባትሪውን ነቅሎ ወደ ገንዳ ውሃ መውሰድ ያስባል። ከሌባ ይተርፋል፤ ከሙቀት ግን አይተርፍም። ሙቀት የባትሪ ዕድሜን ያሳጥራል፤ ከ40 ዲግሪ የሚያልፈው የመጋቢትና የሚያዝያ ፀሐይ ያገኘው ቆርቆሮ መጋዘን ደግሞ ምጣድ ማለት ነው። ቤት ካስገቡት ጥላና ነፋስ ያለበት ቦታ ይሁን፤ በወር አንዴ ይለካ። 12.6 ቮልት ሙሉ ነው፤ 12.2 ላይ ግማሽ ቀርቶታል፤ ከዚያ በታች እየወረደ ከከረመ ዳግም ሙሉ አይሆንም። ጀልባዋ ላይ የሚቆይ ከሆነ ደግሞ ትንሽ ሶላር ከነተቆጣጣሪው ይገጠምለት፤ የውሃ ማውጫዋ ፓምፕ በሕይወት የምትኖረው በሱ ነው።

ላይፍ ጃኬቶችም ሙቀትና ፀሐይ አይወዱም። ጨርቃቸው ነጥቶ ስፌታቸው ከላላ፣ ስፖንጃቸው ተጨፍልቆ ካልተመለሰ ጌጥ ብቻ ናቸው።

ካቢኑ ውስጥ ያለው አደጋ

ለቤተሰብ ካቢኑ የጀልባዋ ውበት ነው፤ ልጆች ይተኙበታል፣ እናት ከፀሐይ ትጠለልበታለች። ትልቁ አደጋም የሚደበቀው እዚያ ነው።

የቤንዚን ትነትም ሆነ የማብሰያ ጋዝ ከአየር ይከብዳሉ። መኪና ላይ ሲያንጠባጥብ መሬት ላይ ተበትኖ ይጠፋል፤ ጀልባ ላይ ግን ከወለሉ በታች ይተኛል፣ አንድ የእሳት ፍንጣሪ ይጠብቃል። ሞተሩ ከውስጥ የተገጠመ የቤንዚን ሞተር ከሆነ ከማስነሣትዎ በፊት የሞተር ክፍሉን ከፍተው ያሽትቱ፣ የአየር ማስወጫውን ቢያንስ አራት ደቂቃ ያሠሩ። ነዳጅ ሲሞላ ሰው ሁሉ ይውረድ።

ሌላው የራሳችን ነገር ነው፤ ቡና። በሐይቅ ላይ ጀበና መጣድ ደስ ይላል፤ ከሰል ግን ካቢን ውስጥ አይግባ። ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በጠባብ ክፍል ውስጥ የተኛ ሕፃን ሳይነቃ ይቀራል። ፍም “ጠፍቷል” ተብሎ ምድጃው ወደ ውስጥ መግባትም የለበትም። ቡናው ቤት ተፈልቶ በፔርሙስ ይምጣ፣ ወይም ዳር ላይ ይፈላ።

ወጪውን ማን ይሸከም?

በሌላው ዓለም ጀልባ ያላቸው ሰዎች ለዓመት ጥገናና ማቆያ የጀልባዋን ዋጋ 10 በመቶ ገደማ ይይዛሉ። እኛ ዘንድ መለዋወጫው በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ስለሆነ ከዚህ በታች ማሰብ ራስን ማታለል ነው። ስለዚህ ሲገዙ ምርጡን ሞተር ሳይሆን ባሕር ዳርና ጎርጎራ ላይ ያሉ የጀልባ ነጂዎች የሚጠቀሙበትን ዓይነት ይምረጡ። መካኒኩ የሚያውቀው፣ ዕቃው ከጎረቤት ጀልባ የሚገኝለት ሞተር ይሻላል። አንድ ኢምፔለር፣ የካንዴላ ስብስብ፣ ፊልትሮዎች፣ ፊውዞችና አንድ ትርፍ ፕሮፔለር ሁልጊዜ በእጅ ይኑሩ።

ሌላው አማራጭ ሦስት አራት ቤተሰብ በማኅበር መግዛት ነው። ዕቁብ የለመደ ሰው አሠራሩን ያውቀዋል፤ ወርኃዊ መዋጮ፣ አንድ ገንዘብ ያዥ፣ በጽሑፍ የተቀመጠ ተራ። ከአባላቱ አንዱ ጎንደር ወይም ቆላ ድባ የሚኖር ቢሆን የክረምቱ ጥያቄ ግማሹ ተመለሰ። በዓመት ከሦስት ቀን በላይ ሐይቅ የማይወርድ ቤተሰብ ግን ከነጂው ተከራይቶ ቢሄድ ያዋጣዋል፤ ላይፍ ጃኬቱን አይቶ ነው ታዲያ።

ገመድ ከመፍታትዎ በፊት

• ጃኬት፦ ለያንዳንዱ ሰው አንድ፤ ለልጅ የልጅ ልክ። ትከሻው ላይ ይዘው ወደ ላይ ሲስቡት በጭንቅላቱ የሚወጣ ከሆነ ሰፍቶታል። የሚለበሰው ከዳር ነው እንጂ ማዕበል ሲነሣ አይደለም።

• ሰዓት፦ ጣና ጥዋት ይተኛል፣ ከቀትር በኋላ ንፋስ ይነሣበታል። በጠዋት ወጥተው ከእኩለ ቀን በፊት ይመለሱ።

• ነዳጅ፦ ሲሶው ለመሄጃ፣ ሲሶው ለመመለሻ፣ ሲሶው ለክፉ ቀን።

• ፓምፕ፦ አንድ ባልዲ ውሃ ወለሉ ሥር ያፍስሱ፤ ራሷ ተነሥታ ካልገፋች ጉዞው ይቅር። በእጅ የሚሠራ ውሃ መቅጃም ይኑር።

• የማጥፊያ ገመድ፦ ነጂው ከወደቀ ሞተሩን የምታጠፋው ቀይ ገመድ እጁ ወይም ጉልበቱ ላይ ትታሰር።

• መልሕቅ፣ መቅዘፊያ፣ ፊሽካ፣ የእሳት ማጥፊያ፣ የእጅ ባትሪ፦ ካቢኑ ውስጥ ፍራሽ ሥር ሳይሆን እጅ የሚደርስበት ቦታ።

• መልእክት፦ የት እንደሚሄዱና መቼ እንደሚመለሱ ዳር ላይ ለሚቀር ሰው ይንገሩ። ማንዳባ መድኃኔዓለም የሚፈቀደው ለወንዶች ብቻ ስለሆነ እናትና ሴት ልጆች ጀልባ ውስጥ ሲጠብቁ ጀልባዋን ማንቀሳቀስ የሚችል ሰው አብሯቸው ይቅር።

መኪና ሲበላሽ መንገድ ዳር ይቆማል፤ የሚያልፍ ይረዳል። ሐይቅ ላይ ዳር የሚባል የለም፤ የሚረዳው አስቀድሞ የተጫነው ዕቃ ብቻ ነው። ጀልባዋን ካዩና ከወደዷት ከሻጩ ጋር ዋጋ ከመቁረጥዎ በፊት ጎርጎራ ላይ ክረምቱን የሚጠብቃትን ሰው ያግኙ፤ ደመወዙን ይስማሙ፤ በየሳምንቱ ምን እንደሚያይ በወረቀት ይጻፉለት። ያ ሰው ከተገኘ ጀልባዋን ይግዙ። ካልተገኘ ገንዘቡ ለጊዜው ባንክ ይቀመጥ።